ታማሚዋ የት ናት?

ከጅማው የቦሳ ኪቶ ሰፈር ሰው ብርሃንነሽን የማያውቅ ካለ፣ ወይ ሰሞኑን የመጣ ነው፣ ወይ ቤቱ ሰው ታሞ አያውቅም። አንዱን ሞተር ገጨው፣ አንዷ ምጥ ጠናባት፣ አንድ ሽማግሌ ራሱን ሳተ ሲባል፣ መኪና ከመፈለጉ በፊት «ለብርሃንነሽ ንገሯት» ይባላል። እሷም ትመጣለች። ሰሌኗን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ፣ በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው ፌስታል አንጠልጥላ ትመጣለች። የትኛው ዘበኛ ምግብ እንደሚያስገባ፣ የትኛው ሙግት እንደሚወድ፣ ላቦራቶሪው በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ እሷን ያህል የሚያውቅ የለም። ዶክተሮቹ ይቀያየራሉ፤ ተማሪዎቹ ተመርቀው ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፤ እሷ ግን አለች። እንዲያውም አንድ አዲስ ሐኪም የሆስፒታሉ ሠራተኛ መስላው፣ ጋወንሽን ለምን አልለበስሽም ብሎ ተቆጥቷታል።

በእኛ አገር ሆስፒታል አልጋ የሚያዘው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ያስታምማል። መድኃኒት ቤት የሚሮጥ፣ ናሙና የሚያደርስ፣ የሚያጎርስ፣ የሚያገላብጥ፣ ነርስ የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል። ገጠር ዘመዶቹ ርቀውበት ብቻውን የመጣ ሰው መከራውን ያያል። ብርሃንነሽ እንዲህ ያለውን ሰው አይታ ማለፍ አትችልም። አጠገቡ ሰሌኗን ታነጥፋለች፣ በቃ።

እንጀራዋ ግን ስፌት ነው። በቦሳ ኪቶ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መጋረጃ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ አንዳንዴም የምረቃ ጋወን ትሰፋለች፣ ታጠብባለች። ማሽኑ የባሏ የአብተው ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከወሎ ወደ ጅማ ያመጣት እሱ ነው። ልጅ አልወለዱም። እንዲህ እንዲያ እያሉ፣ እሱ እየሰፋ እሷ ቁልፍ እየተከለች፣ እየተነታረኩም እየሳቁም ሃያ ዓመት ኖሩ። ከዚያ አብተው ጉበቱን ታመመ። ጠላ እንኳ በበዓል ካልሆነ የማይቀምስ ሰው ነበር፤ በሽታ ግን እንዲህ ያለውን አይጠይቅም። ሰባት ወር ሆስፒታል አስታመመችው። የመጀመሪያውን አረቄ የቀመሰችውም እዚያ ነው። አጠገቧ የሚያስታምሙ አንድ አዛውንት፣ ስትንቀጠቀጥ አይተው፣ በፔርሙዝ ክዳን ቀድተው ሰጧት። «ብርድ ነው ልጄ፣ ትንሽ ያሞቅሻል» አሏት። እውነትም አሞቃት።

አብተው ተቀበረ። ሰው በሰልስቱ ቤቷን ሞላው፣ ከዚያም ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ሰው ምን ያድርግ፣ የራሱ ኑሮ አለበት። ብርሃንነሽ ብቻዋን ቀረች። ከማሽኑ ወዲያ ማዶ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ክር ሲያልቅ «ክር አምጪ» የሚላት የለም። ቤቱ አስፈራት። እና የሰው ታማሚ ማስታመም ጀመረች። ደግነት ነው ይላሉ፤ ደግነትም አለበት። ዋናው ምክንያት ግን ሆስፒታል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሚፈልጋት ሰው መኖሩ ነው። ከዚያ ወደ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ የሚጠብቃት አረቄው ነበር።

ይህንን ማንም አያውቅም። ቢያንስ እሷ እንዲያ ነበር የምታስበው። አረቄ ከቦሳ ኪቶ ገዝታ አታውቅም። ሰቶ ሰመሮ የሚባል ሌላ ሰፈር ድረስ በእግሯ ትሄዳለች፣ «ለታማሚ ማሻ ነው» ትላለች፣ በሃይላንድ ይሞሉላታል። ሴትዮዋም «እግዜር ይማርልሽ» ብላ አንዳንዴ ትመርቅላታለች። አፏ እንዳይሸት ቅርንፉድ ታኝካለች፤ ለሚጠይቃት ጥርሷን እንደሚያማት ትናገራለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሷን የሚያማት ሴት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ለምን እንደማትሄድ የጠየቀ ሰው የለም።

ጠዋት ጠዋት እጇ ይንቀጠቀጣል። ክር በመርፌ ቀዳዳ አልገባ ይላታል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ ትሞክራለች። ከሃይላንዱ አንድ ሁለት ጉንጭ ስትል ግን ክሩ በአንድ ጊዜ ይገባል። እንግዲህ እንዴት ትተወው? ሲጠጣ የሚሰክር ሰው ይታወቅበታል። እሷ ግን የምትጠጣው ጤነኛ ለመምሰል ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ጎረቤቷ እትዬ አበራሽ የአንገት እንቅርት ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ያስታመመቻቸው ብርሃንነሽ ናት፤ ሌላ ማን ይሆናል። ነርሷ ስምንት ሰዓት ላይ ኪኒኑን እንድትሰጥ፣ ውሃም በትንሽ በትንሹ እንድታቀምስ ነገረቻት። ብርሃንነሽ ያን ቀን ከወትሮው አብዝታ ጠጥታ ነበር። ሰሌኗ ላይ ጋደም አለች። ስትነቃ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። እትዬ አበራሽ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ድምፅ አልወጣ ብሏቸው፣ በቀለበታቸው የአልጋውን ብረት ያንኳኳሉ። «ከሰዓት በሙሉ ሲያንኳኩ ነበር፤ ደክሞሽ መስሎኝ ልቀስቅስሽ አልፈለግሁም» አለቻት የሚቀጥለው አልጋ አስታማሚ። ብርሃንነሽ ውሃውን ስታቀምሳቸው አሮጊቷ ዓይን ዓይኗን አዩዋት።  ድነው ከወጡ በኋላም በየደረሱበት «ብርሃንነሽ ባትኖር ኖሮ ሞቼ ነበር» እያሉ አወሩላት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ያኔ ልታቆም ቆረጠች። ብቻዋን፣ በሯን ዘግታ። በሁለተኛው ቀን ላቡ አጠመቃት። በሦስተኛው ቀን የምትሰፋው ነጭ መጋረጃ ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ አየች፤ በእጇ ጠረገችው፣ ጉንዳኑ ግን እየጨመረ መጣ። ጉንዳን እንዳልነበረ የገባት አረቄውን ከጠጣች በኋላ ነው። መድኃኒት ቤት ሄዳ ለሌላ ሰው እንደምትጠይቅ አድርጋ ጠየቀች። ፋርማሲስቱ፣ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ሊሞት እንደሚችል፣ ሆስፒታል ተኝቶ በመድኃኒት መተው እንዳለበት አስረዳት። የት ክፍል እንደሆነም ነገራት። ስሙን ስትሰማ አመስግናው ቶሎ ወጣች።

ያ ክፍል የአእምሮ ሕክምና ነው። በሆስፒታሉ ግቢ ብርሃንነሽ ረግጣው የማታውቀው እሱን ብቻ ነበር። የሰፈር ሰው ስሙን አይጠራውም፤ «እዚያ ጋ» ይለዋል፣ በአገጩ እየጠቆመ። እዚያ ጋ የገባ ሰው ድኖ ቢወጣም ያው «እዚያ ጋ የነበረው» ነው። ብርሃንነሽ ረቡዕ ጠዋት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ሄደች። ምን ዋጋ አለው፣ ገና ከበሩ ዘበኛው አወቃት። «ዛሬ ደግሞ ማንን ይዘሽ መጣሽ?» አላት። የካርድ ክፍሏ ሴትም እንዲሁ። እሷም ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። ለካስ መሸፈን አያስፈልጋትም፤ እሷ ልትታመም ትችላለች ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ የለም።

የተቀበለቻት ነርስ ሲስተር ጽዮናዊት ትባላለች። ወጣት ናት፤ አገሯ ሩቅ ነው፤ ከመጣች ዓመት አልሞላትም።

«ሲስተር፣ ስለ መጠጥ ነበር የመጣሁት» አለች ብርሃንነሽ።

«እሺ እናቴ፣ ይቀመጡ። ታማሚዋ የት ናት?»

እኔ ነኝ። ሁለት ቃል ነው። ብርሃንነሽ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እህቴ ናት። ገጠር ነው ያለችው።»

ሲስተር ጽዮናዊት በደንብ ጠየቀቻት። በቀን ምን ያህል ትጠጣለች? ስንት ዓመቷ ነው? ስታቆም ምን ያደርጋታል? ብርሃንነሽ ሁሉንም መለሰች፤ ላቡን፣ መንቀጥቀጡን፣ ጉንዳኑን ሳይቀር። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን እውነት ተናግራ አታውቅም፤ «እህቴ» የሚለው ብቻ ሲቀር።

«ሰኞ አንድ አልጋ ይለቀቃል» አለች ነርሷ። «ይዘዋት ይምጡ። የሚያስታምሟት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ… ሥራ አለብኝ። ሌላ ሰው ነው የሚያስታምማት።»

«ማንም ይሁን፣ ብቻ አስታማሚ ይኑራት። ያለ አስታማሚ አልጋ አንሰጥም። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ታማሚዎቹ ይወድቃሉ፣ የሌለ ነገር ያያሉ። አጠገባቸው ሰው ካልኖረ አይሆንም።» ስልኳን ጽፋ ሰጠቻት፣ የብርሃንነሽንም ተቀበለች።

ከረቡዕ እስከ ሰኞ አምስት ቀን ነው። አንድ አስታማሚ ማግኘት። በጅማ ከተማ ውስጥ የስንቱን አንሶላ የቀየረች ሴት አንድ አስታማሚ ታጣለች? ብርሃንነሽ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ለእድሩ ብትናገር? እድሩ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ሰው ሲታመም «ለብርሃንነሽ ንገሯት» ይላል። እትዬ አበራሽ? እሳቸው ገና ራሳቸው አልጠኑም፣ ደግሞም ያ ዓይናቸው። ሌሎቹም ሁሉ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው እንቢ የሚላት የለም። እሷ የፈራችው ግን እንቢታን አይደለም። እሺ ብለው ከመጡ በኋላ አልጋው ላይ ሆና ቀና ብላ ልታያቸው ነው፤ እነሱም እሷን ሊያዩ ነው። ከዚያ በኋላ ታሞ የሚጠራት ማን አለ? ማንም ካልጠራት ደግሞ የት ትሄዳለች? ቤቷ?

በመጨረሻ ዙቤይዳ ትዝ አለቻት። የሊሙ ገነት ሴት ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት ልጇ ፋሂም ከጭነት መኪና ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ ጅማ ሲመጣ፣ ዙቤይዳ በከተማው አንድ ሰው አታውቅም ነበር። ብርሃንነሽ ሠላሳ ሦስት ቀን አብራት ሰነበተች። ዙቤይዳ በየበዓሉ ትደውላለች፤ ለፋሲካም ለዒድም። ደግሞ ሊሙ ሩቅ ነው፤ ወሬው ቦሳ ኪቶ አይደርስም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሊሙ ገነት ተሳፈረች። ነገሩን በጾም አፏ፣ ሳትጠጣ ልትናገር ፈልጋ ነበር። መናኸሪያ ስትደርስ ግን እጇ ትኬቱን መያዝ አልቻለም። ሽንት ቤት ገብታ ሁለት ጉንጭ ጠጣች። በራሷ አፈረች፤ ቅርንፉዷን እያኘከች ተሳፈረች።

ወሩ ኅዳር ነው፣ የቡና ወቅት። ዙቤይዳን ያገኘቻት ቡና ማጠቢያው ግቢ ውስጥ ነው። በሊሙ የታጠበ ቡና የሚሰጣበትን የሽቦ ቆጥ አልጋ ይሉታል፤ ግቢው ከዳር እስከ ዳር አልጋ ነው። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ፣ እጃቸውም አፋቸውም አያርፍም።

«ያ ብርሃኔ! ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ!» ዙቤይዳ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሮጠች። አቀፈቻት፤ ብርሃንነሽ ትንፋሿን ዋጠች። ዙቤይዳ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «የነገርኳችሁ ይቺ ናት! ፋሂም ዛሬ በእግሩ ቆሞ የሚሄደው፣ ከአላህ ቀጥሎ፣ በዚች ሴት ነው!» ሴቶቹ መረቋት። አንዷ እጇን ስማ ግንባሯ ላይ አደረገችው። ብርሃንነሽ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች።

የምታደርገው ሲጠፋት አልጋው ዳር ቆማ አብራቸው መልቀም ጀመረች። ጣቶቿ ቡናው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ መንቀጥቀጣቸው አይታወቅም።

«ዙቤይዳ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው የመጣሁት።»

«አንቺ ታስቸግሪኛለሽ? ንገሪኝ እንጂ!»

«አንዲት ሴት አለች፤ ታማለች። ሰኞ ሆስፒታል ትተኛለች፣ አስታማሚ ግን የላትም።»

«ማሊ? ምኗን ነው ያመማት?»

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ሊሰሙ ጆሯቸውን አቀኑ። ብርሃንነሽ ወደ ቡናው አቀረቀረች።

«መጠጥ ነው።»

«አስተግፊሩላህ! ሴት ሆና?» አለች አንዷ። ሌላዋ ሳቀች። «ታዲያ መተው ነው እንጂ! ለመጠጥ ደግሞ ሆስፒታል አለው እንዴ?» ሳቁ ከአልጋ አልጋ ተሻገረ።

ዙቤይዳ አልሳቀችም። ብርሃንነሽን ትክ ብላ አየቻት።

«ብርሃኔ፣ ለማን ነው? ላንቺ ከሆነ፣ ዋላሂ፣ ይሄን ቡና እዚሁ ጥዬ አሁን ነው የምነሳው። ለማላውቃት ሰካራም ግን፣ አቅሙም የለኝ፣ ጉልበቴም ያመኛል። ለማን ነው?»

በሩ ከዚህ በላይ አይከፈትም። አንዲት ቃል ነው የጎደለችው፤ ሴቶቹም የሚለቅም እጃቸውን አቁመው መልሷን ይጠብቃሉ።

«አላውቃትም» አለች ብርሃንነሽ። «ሰው ነው ጠይቂልኝ ያለኝ።»

«እንደዚያ ከሆነማ ይቅር በይኝ» አለች ዙቤይዳ፣ እና መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያም ቤቷ ወስዳ ጨጨብሳ በማር አበላቻት፣ አቦካዶ በፌስታል ሞልታ ሰጠቻት፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። «የሰው ችግር ብቻ እንደተሸከምሽ ልትኖሪ ነው?» አለቻት መኪናው ሲነሳ፣ በፍቅር። ብርሃንነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጅማ እስክትደርስ አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ሰው ሞቶባት መስሎት «እግዜር ያጽናሽ» አላት። አሜን አለችው።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ሲስተር ጽዮናዊት ናት።

«እናቴ፣ እህትዎን አመጧት? አልጋው ተዘጋጅቷል እኮ።»

«አስታማሚ አጣች፣ ሲስተር።»

«እንዴት ታጣለች? እርስዎ እያሉላት?» ነርሷ መቆጣት ቀርቶ ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም፤ ግራ ገብቷት ነው። «እናቴ፣ ሥራው ለአንድ ሳምንት ቢቀር ምን ይሆናል? እህትዎ ልትሞትብዎት ትችላለች። የእርስዎን ያህል ማስታመም የሚያውቅ እንደሌለ እዚህ ሁሉም ነግሮኛል።»

ብርሃንነሽ ማሽኑ ላይ ተቀምጣለች። ክሩ ገና መርፌው ውስጥ አልገባም። ለዚች ወጣት ምን ብላ ትመልስላት? እህቷን ትታ የምትቀመጥ ጨካኝ ሆና ልትቀር ነው? ይኼኛው ስም ደግሞ ከሰካራም የባሰ መሰላት።

«እኔ እህት የለኝም» አለች። «ታማሚዋ እኔ ነኝ።»

 ብርሃንነሽ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«ገባኝ፣ እናቴ» አለች ሲስተር ጽዮናዊት በመጨረሻ። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። አልጋውን እስከ ነገ አራት ሰዓት ልይዝልዎ እችላለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። ግን አሁንም አስታማሚ…»

«አውቃለሁ ልጄ። ያንን ለኔ አትነግሪኝም።»

ስልኩን አስቀመጠች። አንዴ ከአፏ ወጥቷል፤ ጣራውም አልተደረመሰም። ድፍረቱ ሳይሸሻት ዙቤይዳ ዘንድ ደወለች። ከወዲያ የለቃሚ ሴቶቹ ጫጫታ ይሰማል።

«ብርሃኔ! በሰላም ገባሽ?»

«ዙቤይዳ፣ የቅዳሜው ነገር… ለኔ ነው። የምጠጣው እኔ ነኝ።»

 ጫጫታው ብቻ ይሰማል፤ አንዷ ስትስቅ፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ስትጣራ። ከዚያ ዙቤይዳ «ቆይ» አለች። የእርምጃዋ ድምፅ ተሰማ፤ የሴቶቹ ድምፅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ስትናገር በሹክሹክታ ነበር።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለነርሷ ብቻ።»

«እንዳትናገሪ። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። አንድ ሳምንትም ይሁን አንድ ወር አልለይሽም። ስሚኝ ግን፤ እዚህ ላሉት ጨጓራዋን ታማ ነው እላቸዋለሁ። አንቺም ለሰፈርሽ ሰው ጨጓራ በዪ። ማንም ሊጠይቅሽ እንዳይመጣ። እሺ በይኝ፣ ብርሃኔ፣ ጨጓራ ነው።»

ብርሃንነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች። ሰው ሊመጣላት ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሷ ብሎ ሰሌን የሚያነጥፍ ሰው ሊመጣላት ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ደስም ብሏታል። ግን ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ ሞታ ያወጣችውን ቃል፣ ገና ሰዓት ሳይሞላው፣ ተመልሳ እንድትውጠው ተጠየቀች።

«እሺ» አለች። «ጨጓራ ነው።»